የዘይና ጣውንት

ዘይና ጣውንት አለባት። ከንፈር ለመምጠጥ አትቸኩሉ፤ ጣውንቷ የእንጨት ናት።

ከሚሴ ገበያ ዳር፣ እኔ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ከምውልበት በረንዳ ፊት ለፊት፣ አንድ ወፍራም የብረት ምሰሶ ቆሟል። ምሰሶው ሰፊ የእንጨት ክብ ተሸክሟል፤ ክቡ ላይ ደግሞ የእንጨት ፈረሶች አንዱ የሌላውን ጅራት እያየ ተሰልፈዋል። ልጁም ሽማግሌውም ይቀመጥባቸዋል፣ ጎረምሶች ከዳር ሆነው ይገፋሉ፣ ክቡ ይዞራል። ሥራው ይኸው ነው። ሰው ከተነሣበት ቦታ ተመልሶ ይወርዳል፤ ግን ባቲ ደርሶ እንደመጣ ሰው ፊቱ በርቶ ነው የሚወርደው።

ከደሴ የሚመጣ እንግዳ ምን እንደሆነ ሲጠይቀን "ሽክርክሪት" እንለዋለን። ዘይና ግን "ጣውንቴ" ነው የምትላት። ባሏ ኑርሁሴን የሱብሒ ሶላቱን ሰግዶ ሲመለስ መጀመሪያ የፈረሶቹን ጤዛ በሽርጡ ጫፍ ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው አጠገቡ ወዳለው ቤቱ የሚገባው። ዘይና በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች።

"እንዴት አደረች? ራሷን ምናምን አሟት ይሆን?" ትለዋለች።

"ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች" ይላታል።

እኔ ሸምሱ ይህን ስሰማ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሰው ልብስ ሰፊ ይለኛል እንጂ ከምሰፋው የማየው ይበልጣል።

ነገሩ ወደ ከተማችን የመጣው ጣሊያን በወጣ ሰሞን ነው። አንድ ፈረንጅ ይህን ሁሉ ኮተት በካሚዮን ጭኖ ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ክረምቱ ያዘው፤ ካሚዮኑ ቦርከና ዳር ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ገባ። ሰውየውን ደግሞ ወባ ጀመረው። እየተንቀጠቀጠ ካሚዮኑን ሲረግም ኑርሁሴን ሁለት በቅሎ እየሳበ በዚያው መንገድ ወደ ደሴ ሊያልፍ ነበር። ተነጋገሩ፤ በምን ቋንቋ እንደተነጋገሩ አላህ ይወቅ። ሲጨርሱ ፈረንጁ አንዷን በቅሎ ተቀምጦ፣ በሌላዋ ጓዙን ጭኖ ሄደ። ኑርሁሴን ደግሞ የእንጨት ፈረሶቹን በሰው ትከሻ አሸክሞ ከሚሴ ገባ። የሚሄዱ በቅሎዎች ሰጥቶ የማይሄዱ ፈረሶች ያመጣ ነጋዴ ብሎ ከተማው ሳቀበት። እኔም ስቄያለሁ።

ያን ቀን ያልሳቀችው ዘይና ብቻ ናት። በቅሎዎቹ ለምን ወደ ደሴ ይሄዱ እንደነበር ታውቅ ነበራ። ከኑርሁሴን ጋር ሲጋቡ ልጅ ነበሩ፤ ዓመታት አለፉ፣ ልጅ አልመጣም። የኑርሁሴን እህት ፋጡሜ ዝም ብላ የምታይ ሴት አይደለችም። ከጨፋ ሮቢት አንዲት ቆንጆ መርጣ፣ ሽማግሌ አስልካ፣ እሺ አሰኝታ ጨርሳለች። በቅሎዎቹ ተሽጠው ለሁለተኛዋ ሚስት ጥሎሽ ሊሆኑ ነበር። ኑርሁሴን ለእህቱ እንቢ አላላትም፤ እንቢ ማለት አያውቅም፤ በቅሎ እየሳበ እሺ ብሎ ነው የወጣው። ተመልሶ ሲመጣ ፋጡሜ ግቢው መሃል ቆማ "በቅሎዎቹስ? የሙሽራይቱ ነገርስ?" አለችው። እሱም ጭቃ የተለቀለቁትን ፈረሶች አሳያት።

"ይቻትና። ይሄ ቤት ልጅ ይሙላበት አይደል ያላችሁኝ? ይሞላበታል" አላት።

በማግስቱ ገበያ የከሚሴ ልጅ ሁሉ በራፋቸው ላይ ፈሰሰ። እነሆ እስከ ዛሬ እንደሞላ ነው። ልጆቹ ውሃ የሚጠጡት ከዘይና ጋን ነው፣ እሾህ የሚያስነቅሉት በዘይና መርፌ ነው፣ ሲጣሉ የሚቆነጠጡት በዘይና ጣት ነው። ከዚያ ቀን ጀምራ ፈረሶቹን "ጣውንቴ" አለቻቸው። ግን አንድም ቀን ተቀምጣባቸው አታውቅም። ለምን ሲሏት "ጣውንት ጫንቃ ላይ አይወጣም" ትላለች።

ታዲያ ዘመን ማንን ይተዋል! ፈረሶቹ አረጁ። መጀመሪያ ጆሮ ሄደ፤ ልጅ ሁሉ የሚይዘው ጆሮ ነው። ከዚያ ጅራት ሄደ፣ የተረፈውን ፍየል በላው። ቀለማቸው ተልጦ ከአንዱ ነጭ በቀር ቀዩም ጥቁሩም አንድ ዓይነት ሆነ፣ የጭቃ መልክ። ክቡ ሲዞር የሚጮኸው ጩኸት የጨፋን ጅብ ያስበረግጋል ይባል ነበር፤ ይህን እንኳ ያልኩት እኔ ነኝ። ላዩ ላይ የነበረው የድንኳን ጨርቅ ተቀዶ ተቀዶ ሰማዩን ብቻ ይዞ ቀረ። ጣውንቲቱ እንዲህ ሆና ሳለች ኑርሁሴን "ትንሽ ደክሟት ነው እንጂ ደህና ናት" ይላል። ባል እንዲህ ነው፣ ያረጀውን አያይም። ወይም አያለሁ አይልም።

ያለፈው አረፋ ላይ ግን የማይታይ ነገር አልቀረም። ቅቤ ነጋዴው ሲራጅ፣ ወገቡ የሁለት ሰው ወገብ፣ በበዓል ልብሱ ፈረስ ላይ ወጣ። ጎረምሶቹ ገፉ፤ ሞቅ ሲላቸው ይበልጥ ገፉ። ሲራጅ "አቁሙ!" ሲል እነሱም ሊያቆሙ ፈልገው ነበር፤ ክቡ ግን አልፈለገም። የፈረሱ እግሮች ከሥሩ ተነቀሉና ሲራጅ ከነፈረሱ በአየር ሄዶ እንስራ ሻጮቹ መሃል አረፈ። እሱን አንድም ነገር አልነካውም፤ እንስራ ግን አልተረፈም። ሲራጅ ያዘነው ለእንስራው አይደለም፣ ለተሳቀበት ሳቅ ነው። ቀጥ ብሎ ምስለኔው ዘንድ ሄዶ ከሰሰ።

ምስለኔው ከመንዝ በኩል የመጡ አዲስ ሹም ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ባርኔጣቸውን ይወዳሉ፣ ቃላቸው ሲከበር ይወዳሉ። ገበያው መሃል ቆመው ሁላችንም እየሰማን ፈረዱ።

"እስከ ረመዳን ኢድ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ፣ ኑርሁሴን። አድሰው። የኢዱ ቀን እኔው ራሴ እወጣበታለሁ። 'በቃ' ባልኩ ጊዜ ቀጥ ብሎ ከቆመ ይኑርልህ። ካልቆመ ይፈርስና እንጨቱ ለጽሕፈት ቤቱ አጥር ይሆናል።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ሹም የተናገረው አይመለስም። ኑርሁሴን አጎንብሶ እጅ ነሥቶ ተመለሰ። ወሬው ፋጡሜ ዘንድ ከእሱ ቀድሞ ደርሷል። ያን ቀን ማታ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ ግቢው ገብታ፣ ዘይና እየሰማች "እንግዲህ የእንጨቷ ከሞተች የሥጋዋን እናመጣለና። የጨፋ ሮቢቷ ብታገባም ታናሽ እህት አለቻት" አለችው። ዘይና እህል እያበጠረች ነበር። ሰፌዷን አላቆመችም፤ ግን ያን ዕለት ያበጠረችው እህል ውስጥ ጠጠር አግኝቼበታለሁ ብሎ ኑርሁሴን ራሱ ነግሮኛል። በሕይወቷ ጠጠር ትታ አታውቅም።

እድሳቱ በረመዳን ተጀመረ። ለሥራ ረመዳንን የሚመርጥ ሰው ጨዋታውን ያውቃል፦ ሠራተኛው ምሳ አይጠይቅም፣ ግን ቁጣው ይመጣል። አናጢው ጀይሉ ነበር። ጀይሉ በዕድሜው ሙሉ የሠራው ሁለት ነገር ነው፣ ሞፈርና አልጋ። ፈረስ ሠርቶ አያውቅም። ለተሰበረው እግር ሁሉ የአልጋ እግር ቀጠለበት፤ በደንብ የተጠረበ፣ ከታች እንቡጥ ያለው። ሲጨርስ ፈረሶቹ ከወገብ በላይ ፈረስ፣ ከወገብ በታች የሙሽራ አልጋ ሆኑ።

"ጀይሉ፣ ይሄ እኮ ይተኛበታል" አልኩት።

"ዲሲ፣ ተወኝ። ፆመኛ ነኝ" አለኝ። ፆመኛ ነኝ ማለቱ አትናገረኝ ማለቱ ነው።

ዓይናቸውን ለመቀባት ግን እጁ አልታዘዘውም። ነፍስ ላለው ነገር መልክ መስጠት ኃጢአት እንዳይሆንበት ፈርቶ ሼሁ ዘንድ ሄደ። ሼሁ ከልባቸው ስቀው "የልጅ መጫወቻ ነው፤ ተቀምጠው የሚረግጡትን ማን ያመልካል? ቀባ፣ ግን ቀና አድርገህ ቀባ" አሉት። እንዳሉትም ቀባ፤ ቀና ግን አልሆነም። አንዱ ፈረስ በአንድ ዓይኑ ደሴን ያያል፣ በሌላ ዓይኑ ሸዋን። ጅራቱን ከቃጫ አደረግን፣ ቀለሙን ከሱቅ በር የተረፈ አረንጓዴ። አንዱን ነጭ ፈረስ ግን ኑርሁሴን አላስነካም፤ ጆሮ ቆራጣ ነው፣ ከመጣ ጀምሮ ጆሮ ቆራጣ ነው፣ እንደመጣ ይቆይ አለ።

የድንኳኑ ጨርቅ የእኔ ድርሻ ነበር። ጣቃ ማን ይሰጠኛል? ለዓመታት ያጠራቀምኩት ቁርጥራጭ ነበረኝ፣ ቀጣጥዬ ሰፋሁት። ከላይ ሲዘረጋ ውበቱ ልዩ ነው። ችግሩ የከሚሴ ሰው ቀና ብሎ ማየት ይወዳል። "ያቺ የኔ ሽርጥ አይደለችም? ጨርቁ ልክ ነው የመጣው ብለኸኝ አልነበር?" የሚል በዛ። ጨርቅ ይመሳሰላል ብዬ መልሻለሁ፤ አሁንም የምለው ይህንኑ ነው።

የምሰሶው ኩሽኔታ ደርቆ ነበርና ግራሶ ከካሚዮን ሾፌሮች ለመንን። ሾፌሮቹ በረመዳን እንኳ ቸርነት አልነካቸውም። ኑርሁሴን የበግ ላት አቅልጦ ቀባው። ጩኸቱ ጠፋ፤ ግን የከተማው ውሻ ሁሉ መጥቶ ምሰሶውን ከበበ፣ ፆመኛውም ሽታው እያወደው ምራቁን እየዋጠ በዚያ ማለፍ ተወ።

ያ ሁሉ ሆኖ ገፊ የለም። ጎረምሶቹ ጥጥ ለቀማ ብለው ወደ ቆላ ወርደው አልቀዋል። የቀሩት ወይ ሽማግሌ ናቸው ወይ እንደ እኔ ተቀማጭ። ኢዱ እየቀረበ ሲመጣ አንድ ቀን ከመግሪብ በፊት፣ ሰው ሁሉ ለማፍጠር ወደ ቤቱ ሲሮጥ፣ ኑርሁሴን ብቻውን ትከሻውን ክቡ ላይ አስደግፎ ሲገፋ አየሁት። ባዶ ሆዱን ነው። ክቡ ትንሽ ሄደ፤ ቆመ። እንደገና ገፋ። ከዚያ መሬት ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለጆሮ ቆራጣው ፈረስ ሰጥቶ። ዘይና ቴምር በሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ልትጠራው ነው የወጣችው፤ ግን አልጠራችውም። አዛኑ ሲሰማ ራሷ መጥታ ቴምሩን እጁ ላይ አስቀመጠች።

"ብላ። ይቺ የእንጨት ሴትዮ ልትገድልህ ነው" አለችው።

እኔ ያኔ አዘንኩ። ሁሌ የምቀልድ ሰው ነኝ፣ ያኔ ግን አንድም ቀልድ አልመጣልኝም።

ዘይና የጨፋ ገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞቱ ሁለት በሬ ትተውላታል፣ ቡሬና ዳለቻ፤ ወንድሟ እንድሪስ ያርስባቸዋል። በሬዎቹን ኑርሁሴን አንድ ጊዜ ለዚህ ሥራ ጠይቋት "ያባቴ በሬ ጣውንቴን አይጎትትም" ብላ አፉን አስዘግታው ነበር። አሁን ግን ማንም ሳይጠይቃት ወደ ጨፋ ላከች። በሦስተኛው ቀን እንድሪስ በሬዎቹን እየነዳ ገባ።

"አካም ጅርቱ? ፈያ?" ብሎ በኦሮምኛ ሁላችንንም ሰላም አለን።

"ፈያ፣ አልሀምዱሊላህ። በል ጥመድ" አለችው እህቱ። ኑርሁሴን ቀና ብሎ ሊያያት ሲል ፊቷን ወደ በሬዎቹ አዞረች።

ጀይሉ ከክቡ የሚወጣ ረጅም ሞፈር ሠራ፤ በሬዎቹ ከዳር ሆነው እየዞሩ ይጎትቱታል። ተጠመዱ። ቢነዷቸው አልሄዱም፣ ጅራፍ ቢጮህ አልሄዱም። እንድሪስ ሳቀ።

"ገና ከአውድማ መምጣታቸው ነው። ጤፉን ወቅተን የጨረስነው ባለፈው ሳምንት ነው። በሬ ክብ ሲያይ አውድማ ነው የሚመስለው፤ አውድማ ላይ ደግሞ ያለ ዘፈን አይዞርም" አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

"ዙርልኝ ቡሬዬ፣ ዙርልኝ ዳለቻ፣
ያንተ ኮቴ ያለፈበት እህል ነው ብቻ።"

በሬዎቹ ጆሯቸውን አቁመው ሄዱ። ክቡ ያለ ጩኸት ተንሳፈፈ። እንድሪስ ዝም ሲል ቆሙ። ኑርሁሴን እንደ ልጅ እጁን አጨበጨበ። ሁላችንም ነገሩ አለቀ ብለን ተኛን። ሹሙ የሚናገሩት ቃል 'በቃ' መሆኑን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ኢዱ ገባ። ሶላቱ ተሰግዶ ሰው ከሜዳው ሲመለስ በቀጥታ ወደ ገበያው ነው የፈሰሰው። ከጨፋ የመጣው ገበሬ ብዙ ነበር፤ ሁሉም እንደ እንድሪስ ገና የአውድማው ጭድ ከጋቢው ላይ ያልረገፈ። ምስለኔው በባርኔጣቸው፣ ከኋላቸው ዘበኛቸው በአዲስ ቡትስ፣ ከዘበኛው ኋላ ሲራጅ። ሲራጅ ለዚያ ቀን ከፊት ለመቆም ብሎ ቁርሱን እንኳ ሳይጨርስ ነው የመጣው ይባላል።

ምስለኔው ከአረንጓዴዎቹ ፈረሶች ባንዱ ላይ ወጡ። የአልጋ እግሩን ገረፍ አድርገው አዩ። "በል!" አሉ።

እንድሪስ ጀመረ። አንድ ሁለቱ ገበሬ ተቀበለው። ከዚያ አሥሩ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ። "ያ ሰንጋ ኮ!" ይላል አንዱ በኦሮምኛ፣ በሬዬ ሆይ ማለቱ ነው፤ ሌላው "ዙርልኝ ቡሬዬ!" ይላል በአማርኛ። እጅ ይጨበጨባል፣ እግር መሬት ይመታል። ክቡ ዞረ። ምስለኔው ፈገግ አሉ፤ ከመጡ ጀምሮ ያየነው የመጀመሪያ ጥርሳቸው ነው። ከዚያ ፈገግታው ቀነሰ። ፊታቸው ወደ አረንጓዴው ቀለም ተጠጋ። እጃቸውን አነሡና በሹም ድምፅ ተናገሩ።

"በቃ!"

ሜዳው ደነገጠ። አውድማ ላይ ይህ ቃል አይባልም። "በቃ"፣ "አለቀ"፣ "ይበቃል" የሚል ሰው ካለ በረካው ይሸሻል፤ በጎተራው ያለው እህል እንኳ ይጎድላል። ከጨፋ እስከ ባቲ ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። እዚያ የቆመው ሰው ደግሞ በሬ ሲዞር እያየ፣ የውቂያ ዘፈን እየዘፈነ፣ ያለበት ገበያ መሆኑን ከረሳ ቆይቷል።

"አስተግፊሩላህ!" አለ አንድ ሽማግሌ። "አፍዎን በረካ ያርገው ጌታው!"

ክፉው ቃል እንዳይሰማም ሁሉም ድምፁን ጨምሮ ዘፈነ። በሬዎቹ ድምፁ ሲጨምር ይጨምራሉ።

"በቃ አልኩ! ይብቃ!"

ዘፈኑ ጣራ ነካ። ዳለቻ መሮጥ ጀመረ። ባርኔጣው በረረ። ዘበኛው በሬዎቹን ሊይዝ ወደ ክቡ ሲገባ ሁለት ገበሬ ክንዱን ያዙት። "በጫማ? አውድማ በጫማ ይገባል እንዴ? አውልቅ!" ዘበኛው ደግሞ ገበሬዎቹ ሲቆጡ ደንግጦ ቁጭ ብሎ የቡትሱን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። አዲስ ቡትስ ነው፤ ማሰሪያው ረጅም ነው። እሱ ሲፈታ ጌታው ስንት ጊዜ እንደዞሩ እንጃ።

ኑርሁሴን ምሰሶው አጠገብ ደርቆ ቀረ። እንድሪስን አቁም ሊለው አፉን ይከፍታል፤ እንድሪስ ቢያቆምም ሜዳው አያቆምም። ሲራጅ ከወዲያ "አየህ! አልቆመም! አልቆመም!" ይላል። ፋጡሜን አየኋት፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ዘይናን ነው የምታይ።

ዘይና ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች። በባዶ እግሯ ሜዳውን አቋርጣ ክቡ ዳር ደረሰች፤ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ከምስለኔው ፈረስ ጎን እየተራመደች፣ ቀጥላም እየሮጠች አብራቸው ዞረች።

"ጌታው! አባትዎ ምን ነበሩ?"

"ምን? ገ… ገበሬ!"

"አውድማ ነበራቸው?"

"ነበራቸው! አንቺ ሴት፣ አስቁሚልኝ!"

"ልጅ ሆነው አውድማው ላይ 'በቃ' ያሉ ዕለትስ? አባትዎ ምን አደረጉዎት?"

ምስለኔው አንድ ዙር ሙሉ ዞሩ፤ የእኔ በረንዳ አጠገብ ሲደርሱ ፊታቸውን አየሁት። ሹምነቱ ሁሉ ከፊታቸው ላይ ወርዷል። የቀረው አንድ የመንዝ ልጅ ነው፣ ጭንቅላቱን በእጁ የሸፈነ።

"በኩርኩም አሉኝ" አሉ። "በኩርኩም!" ከዚያ ከሆዳቸው ሳቁ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፦ "በረከት ይግባ! ይሙላ!"

"አሚን!" አለ ሜዳው ሁሉ በአንድ አፍ፤ አሚን ካሉ በኋላ ደግሞ አይዘፈንም። ጸጥ። ቡሬና ዳለቻ ቀጥ አሉ። ዘበኛው አንደኛውን ቡትስ ገና እያወለቀ ነበር።

ምስለኔው የፈረሱን አንገት አቅፈው ትንሽ ቆዩ። ወርደው የመጀመሪያውን እርምጃ ወደ ጎን ሄዱ፣ ሁለተኛውንም ወደ ጎን፤ ሦስተኛው ላይ ኑርሁሴን ክንዳቸውን ያዘላቸው። ሲራጅ ተንደርድሮ መጣ።

"ጌታው፣ 'በቃ' ሲሉ አልቆመም! ሁሉም ሰምቷል!"

"ሲራጅ" አሉት፣ "አውድማ ላይ ቆመህ እንዲህ ያለ ቃል ታወጣለህ? ነውር አይደለም? እኔ እንደሚገባው ስናገር ቆሟል። ይኑር።" ሲራጅ ዞር ብሎ ሽማግሌዎቹን አየ፤ ሁሉም በጫማው ላይ አፍጥጠው ነበር። ጫማውን አወለቀ።

ከዚያ በኋላማ ልጅ ለፈረስ አልበቃው አለ። እስከ አስር ሰዓት ድረስ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል፣ እንድሪስ ድምፁ እስኪዘጋ ዘፈነ፣ የእኔን ድንኳን ያየ ሁሉ ያጣውን ጨርቅ አገኘ። ዘይና ውሃ ስታቀርብ ዋለች። ፀሐይዋ ወደ ጨፋ ዘቅዘቅ ስትል ገበያው ተበተነ፣ እንድሪስም በሬዎቹን ሊፈታ ቀንበሩን ያዘ።

"ቆይ" አለችው ዘይና።

እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ክቡ ላይ ወጣችና ጆሮ ቆራጣው ነጭ ፈረስ ላይ ተቀመጠች፣ እግሯን ወደ አንድ ጎን አድርጋ፣ ሻሿን አስተካክላ። ሃያ ዓመት የሰው ልጅ ስታስቀምጥበት የኖረችው ፈረስ ላይ። ኑርሁሴን ቆሞ አያት።

"ጣውንት ጫንቃ ላይ አይወጣም አላልሽም ነበር?" አልኳት ከበረንዳዬ።

"ሸምሱ፣ አንተ የሰው ጨርቅህን ስፋ" አለችኝ። ቀጥላ ባሏን "ምን ታየኛለህ? ንዳ እንጂ" አለችው።

ኑርሁሴን ከእንድሪስ እጅ ጅራፉን ተቀበለ። ድምፅ የለውም፣ ዘፍኖ አያውቅም፤ የዘፈነው ግን በሬዎቹን አስኬደ። ቀስ ብለው ዞሩ። ዘይና ስትዞር ፊቷ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ወደ ቤቷ። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አልቻልኩም፤ ሁለቱንም ሳታደርግ አልቀረችም። እኔንም መርፌው ሁለት ጊዜ ጣቴን ወጋኝ።

በዚህ መሃል ፋጡሜ መጣች። ጥቂት ቆማ አየች። ጥቁር የበዓል ጫማዋን አድርጋ እስከ ክቡ ዳር ገባችና ወገቧን ያዘች።

"አያ ኑርሁሴን! ኧረ ሰው ምን ይላል? በዚህ ዕድሜያችሁ! ኧረ ይብ…"

ቃሏ መሃል ላይ ተቆረጠ። ዘይና ፈረሷ ላይ ሆና እያለፈቻት ነበርና፣ በዝግታ፣ ሳትቆጣ፣ ወደ እሷ ጎንበስ አለች።

"እቴ ፋጡሜ" አለቻት፣ "ጫማሽን አውልቂ።"

ፋጡሜ ወደ ወንድሟ አየች፣ እሱ ግን እየዘፈነ ነው፤ ፋጡሜ ስትናገር ያላቆመበት የመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን ጫማ ፈታች። ክቡ ተመልሶ ሲመጣ ዘይና ከኋላዋ ያለውን ፈረስ ወገብ በመዳፏ መታ መታ አደረገችላትና ቦታ አሳየቻት።

ኑርሁሴን በሬዎቹን ዝግ አድርጎ ጠበቃት።